የፊልም ስካነር አመራረጥ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ባለፉ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ሁሉ አልበሙን ለመያዝ ጊዜ አላገኘም። ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ ተስፋ የሚጣልበት ነጌቲቩ ነው፤ እርሱም ካልተገለበጠ ዕድሜው የተወሰነ ነው። ስለዚህ የፊልም ስካነር ማስመጣት፣ ወይም ለፎቶ ቤት ገዝቶ በክፍያ መገልበጥ፣ ለሁለቱ ከተሞች ነጋዴ ሊታሰብበት የሚገባ ሥራ ሆኗል።

ዳሩ ግን ዕቃው እንደ ጨርቅ በዓይን ተመዝኖ የሚገዛ አይደለም። በካርቶኑ ላይ በኢንች 7200 ነጥብ ተብሎ የታተመበት መሣሪያ በእውነቱ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ከግማሽ አይበልጥም። 24 በ36 ሚሊሜትር ለሆነው የተለመደ ፊልም እውነተኛ 2400 ነጥብ ከተገኘ 8 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ያለው ሥዕል ይወጣል፤ ይህም ለቤተሰብ አልበም ይበቃል።

ከቍጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ደንበኛው ምን ዓይነት ፊልም እንዳለው ነው። ፕላስቴክ ኦፕቲክፊልም 8200 የሚቀበለው ባለ 35 ሚሊሜትሩን ብቻ ነው። ኤፕሰን ቪ600 ጠፍጣፋ በመሆኑ የወረቀት ፎቶግራፍንም፣ 6 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለውን የድሮ ጥቅል ፊልምም ያነባል። ያገለገለ ኒኮን ኩልስካን ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነ ቢበላሽ መለዋወጫው አሳሳቢ ነው።

ብዙ አስመጪ የሚሳሳተው በኢንፍራሬድ ብርሃን አቧራንና ጭረትን ለይቶ በሚያጠፋው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ዋጋውን ያስወድዳል። በቀለም ፊልም ላይ በእርግጥ ድንቅ ነው። በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ሥዕሉን የያዘው የብር ማዕድን ብርሃኑን ስለሚጋርደው መሣሪያው የሰውን ፊት ራሱን እንደ ቆሻሻ ይቈጥረዋል። የአያቶቹን ጥቁርና ነጭ ሥዕል ለማስገልበጥ የሚመጣ ደንበኛ ለዚህ ክፍል የሚከፍልበት ምክንያት የለም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በኩል ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ ለማያገለግል ነገር የውጭ ገንዘብ ማውጣቱ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ሙቀትም የድሮ ፊልምን ያፋጥናልና፣ ከደሴ ዝቅ ብላ በምትሞቀው ኮምቦልቻ የተቀመጠ ነጌቲቭ ቀድሞ ይመርመር። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፊልም ከሌላው ተለይቶ በመጀመሪያው ቀን መገልበጥ አለበት።