በዱቦና በአካባቢው ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ስለሚሰናዳበት ሁኔታ

ዱቦ በወላይታ ዞን ከአረካ ከተማ አጠገብ የሚገኝ፣ በካቶሊክ ሚሲዮኑና በቅድስት ማርያም ስም በሚጠራው ሆስፒታሉ የታወቀ ሥፍራ ነው። በዚህ አገር፣ እንደ ሌላው የእንሰት አገር ሁሉ፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተ ሰብ ከመውለጃዋ ቀን በፊት የሚያከናውነው ሥራ ብዙ ነው። ሥራው ግን በአብዛኛው የሚደረገው ለሚወለደው ሕፃን ሳይሆን ለአራሷና ለምትተኛበት ቤት ነው። ሕፃኑ ማዘያውንና መጠቅለያውን ከታላላቆቹ ሊወርስ ይችላል፤ የእናቲቱ ምግብና ማገዶ ግን በየወሊዱ እንደ አዲስ መሰናዳት አለበት።

ከዝግጅቱ ሁሉ ረጅም ጊዜ የሚወስደው የእንሰቱ ሥራ ነው። ወላይታዎች እንሰትን «ኡታ»፣ ቤቱን ዙሪያውን ከቦ የሚበቅልበትን ለም መሬት «ዳርኩዋ» ይሉታል፤ ዳርኩዋው ለምነቱን የሚያገኘው ከቤት ከሚወጣው የከብት ፍግ ነው። ለአራስ የሚመረጠው ምግብ በቅቤ የተሠራ የቡላ ገንፎ ሲሆን፣ ቡላውም የሚገኘው ለብዙ ዓመት ካደገ እንሰት ነው። ተክሉ ተቆርጦ ቅርፊቱ በሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሥሩም (አምቾው) ይከተከታል። ከዚያ የሚጨመቀው ውሃ ሲያርፍ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የቀረው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተከቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ይህም እንደ አገሩ ቅዝቃዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሴቲቱ ስትወልድ ለጠያቂውም ለቤተ ሰቡም የሚበቃ ቆጮ እንዲኖር ጉድጓዱ መሞላት ያለበት ገና ጽንሱ ሳይገፋ ነው። ጎተራውንና የወራቱን ቁጥር አብራ የማታሰላ የቤት እመቤት በአራስነቷ ለመበደር ትገደዳለች።

መፋቁ የሴት ሥራ ነው፤ እንሰቱን መትከልና ማዛወር የወንድ ነው። የምትፍቀው ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ቅርፊቱን ከሳንቃው ጋር አጣብቃ እየያዘች፣ ሆዷን አጥፋ ከላይ ወደ ታች ትጎትታለች። ይህ አቀማመጥ ሆዷ ለገፋ ሴት እንደማይመች ለማንም ግልጽ ነው። ጎረቤት ሴቶችና ዘመዶች በተራ ተሰብስበው ሥራውን የሚቀበሏት ለዚህ ነው፤ ሰፊ የወንዶች ሥራ ሲኖር ደግሞ ሰዎች የሚጠራሩበት «ዳጉዋ» የሚባል የትብብር ሥርዓት አለ። እርዳታው ግን ብድር ነውና፣ ዛሬ የተረዳችው ነገ ለሌላዋ መመለስ ይኖርባታል። ዘመድ የሌላት ወይም መሬቷ ጥቂት የሆነች ሴት እስከ መጨረሻው ሳምንት ራሷ ትፍቃለች፤ ወይም ቡላውን ከገበያ ትገዛለች። ወላይታ ሕዝቡ እጅግ የተጠጋጋበት አገር ስለሆነ ከብቱ እያነሰ፣ ፍጉም እየጎደለ በመሄዱ፣ በዚያም ላይ እንሰቱን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ስለ ተጨመረ፣ የገበያው ቡላ የብዙ ቤት እጣ እየሆነ መጥቷል።

የጥንቱ የወላይታ ቤት («ኬታ») ክብ ሆኖ፣ ሣር ክዳኑ ዝቅ ብሎ የወረደ፣ በውስጡም ከብቶችና ሰዎች በከፊል መጋረጃ ተለይተው የሚያድሩበት ነው። ምድጃው ከመካከል ስለሚገኝ ጢሱ ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቀዋል፤ የሰውን ዐይንና ሳንባ ግን ይጎዳል። የሣሩ ክዳን የሚታደሰው ዝናብ ሲያባራ ስለሆነ የመውለጃው ወር ክረምት ላይ ከዋለ ባልየው ሥራውን አስቀድሞ መጨረስ ይገባዋል። ዛሬ እየበዛ የመጣው ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ቤት ከሣር ክዳን ድካም ቢያሳርፍም ጭቃ ምርጊቱና የወለሉ ልቅለቃ አልቀረም። ጭቃውን በባዶ እግር መርገጥ ደግሞ በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ የወላይታ ቀይ አፈር ለረጅም ዘመን ባዶ እግርን ሲነካ እግርን የሚያሳብጥ የዝሆኔ በሽታ ያስከትላልና።

የሸክላው ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ለገንፎው አዲስ ድስት ከተገዛ አስቀድሞ መሟሸት አለበት፤ ይህንንም አማቷ ብትሠራው ይሻላል። ድስቱን የሠራችው የ«ጭናሻ» ወገን የሆነች ሸክላ ሠሪ ግን እርሷም ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች፤ አፈሩን ቆፍራ፣ ጠፍጥፋ፣ ተኩሳ፣ በጀርባዋ አዝላ ገበያ ትወርዳለች። ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይጋቡ ተለይተው በኖሩት በእነዚህ ወገኖች ላይ የነበረው ንቀት፣ የጎረቤት እርዳታን ክልል ያጠበበው መሆኑ አያጠራጥርም።

ለአራሷ ቤቱን በእበት መለቅለቅ የማስዋብ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ወለሉን ከአቧራና ከቁንጫ ያድነዋልና። ነገር ግን የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተውሳክ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ስለሚኖር፣ እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ ከተቆረጠ ወይም ከነካው ሕፃኑ ሊሞት ይችላል። ይህን የሚከለክለው እናቲቱ በእርግዝናዋ የምትወስደው ክትባት ነው፤ ኢትዮጵያም በ2017 እ.ኤ.አ. በሽታው በእናቶችና በጨቅላዎች ዘንድ የሕዝብ የጤና ችግር ከመሆን እንደ ወጣ በይፋ ተረጋግጦላታል።

የጤና ባለሙያዎች አደጋ ያለባት ሴት ቀኗ ሲቃረብ ከሆስፒታል አጠገብ ባለ ማረፊያ እንድትቆይ ይመክራሉ። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የዚህ ዐይነት ማረፊያ ነበረው፤ ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በተመዘገቡት 24,148 ወሊዶች፣ በማረፊያው ከቆዩት ሴቶች መካከል የሞቱት ከ100,000 ወደ 90 የሚጠጋ ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 ይበልጥ ነበር። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ሁለቱን ቁጥሮች እንደ እኩያ ማነጻጸር አይገባም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ወደ ማረፊያ የምትሄድ ሴት ቤቷን ለማን ትታ ትሄዳለች የሚለው ጥያቄ ግን ከሐኪም ቤቱ ርቀት ባላነሰ ይከብዳል። ላም አላቢ፣ ልጅ ጠባቂ፣ የቆጮውን ጉድጓድ የሚቆጣጠር ያስፈልጋል። በማረፊያውም ዘመድ ምግብ እያበሰለ ሊያቆያት ስለሚገባ፣ ለወራት የተሰናዳው ቡላና ቅቤ፣ ድስቱና ማገዶውም ጭምር፣ በዘመድ ጀርባ ወደዚያ ይጓዛል።