ከጢስ ዓባይ በታች በካያክ

ባለፈው ዓመት በጂኦግራፊ ትምህርት ሰዓት የዓባይን ጉዞ ከጣና እስከ ሱዳን ወሰን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ሳስረዳ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣና «መምህር፣ ይህን መንገድ በውኃው ላይ የሄደ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀኝ። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍሁት። አስተማሪ ሲጨንቀው የሚላትን ቃል አንባቢዎቼ ታውቋታላችሁ።

የሄዱ ሰዎችስ አሉ። ከእነርሱም የማደንቃቸው በካያክ የሄዱትን ነው። ካያክ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥባት፣ ከላይዋ የተከደነች ጠባብ ጀልባ ናት። የፈለሰፏት በግሪንላንድና በአካባቢው በበረዶ አገር የሚኖሩ አዳኞች ናቸው። ቀዛፊው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ወገቡን ከጀልባዋ አፍ ጋር የሚያያይዝ ውኃ የማያስገባ ጨርቅ ይታጠቃል፤ መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ሰፊ ነው። ጀልባዋ ብትገለበጥ ሰውየውም አብሯት ራሱ ወደ ታች ይዘቀዘቃል። ከዚያ የሚወጣው በጉልበት አይደለም። መቅዘፊያውን በውኃው ፊት ላይ እየጠረገ ወገቡን ሲያዞር በመጀመሪያ ጀልባዋ ትነሣለች፤ ደረቱ ይከተላል፤ ራሱ ከሁሉ በኋላ ይወጣል። የሰው ተፈጥሮ ግን ለመተንፈስ ቸኩሎ ራሱን ማስቀደም ይሻል፤ ራሱን ያስቀደመ ተመልሶ ይገለበጣል። ጀማሪውን ብዙ የሚያደክመው ይህን ችኮላ መተው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ውኃን ማንበብ ነው። ውኃው ወደ ታች እየጠበበ እንደ ምላስ ለስልሶ ከሄደ መንገድ አለ ማለት ነው። ሹሉ ወደ ላይ ዞሮ ውኃው ግራና ቀኝ ከተከፈለ ግን ከሥሩ ድንጋይ ተደብቋል። ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ወራጁ ተመልሶ ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ ቀዛፊው እዚያ ገብቶ ያርፋል። ከሁሉ የሚፈራው ውኃው ከገደል ወርዶ በራሱ ላይ የሚጠቀለልበት ቦታ ነው፤ ጀልባም ሰውም ይዞ እዚያው ያሽከረክራል። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ የተናገሩ አይመስለኝም።

(የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1962 ከስዊስና ከፈረንሳይ የመጡ ታንከኞች ወደ ሱዳን ወሰን ሲቃረቡ ሽፍቶች አደጋ ጥለውባቸው ሁለቱ ተገደሉ። በ1965 አርነ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ካለው የሸፈርታክ ድልድይ ተነሥቶ ብቻውን በካያክ ሱዳን ገባ። አዞና ጉማሬ በሞላበት በረሓ ብቻውን! በ1968 ክረምት ደግሞ እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ብዙ ሰው አስከትሎ በአየር በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ወረደ፤ ከወታደሮቹ አንዱ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰምጦ ሞተ። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው እስክንድርያ ደረሱ፤ ብራውን የቀዘፈው በካያክ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የማይክ ጆንስ ታሪክ ነው። በ1972 ከጓደኞቹ ጋር በካያክ ዓባይን ሲወርድ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው ከእናንተ ከአብዛኞቻችሁ አይበልጥም። ከአራት ዓመት በኋላ ከኤቨረስት ተራራ ግርጌ የሚወርደውን የዱድ ኮሲን ወንዝ ቀዘፈ። በ1978 በፓኪስታን ብራልዱ በተባለው ወንዝ ላይ ውኃ የወሰደውን ጓደኛውን ሊያድን ሲል ራሱ ሰጠመ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ያው ልጅ ግን «ከእኛ አገር ሰውስ፣ መምህር?» አለኝ።

ምን ልበለው? በጣና ላይ የደንገል ታንኳውን በረጅም እንጨት ግራ ቀኝ እየቀዘፈ እንጨት ጭኖ የሚሻገረውን ሰው ነገርሁት። ስለ ራሴ ግን ዋና እንደማልችል መናዘዝ ነበረብኝ። ከክፍሉም ዋና የሚችሉት አራት ብቻ ሆነው ተገኙ። ወንዙም እየተለወጠ ነው፤ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከኋላው የፈጠረው ሐይቅ ሩቢን የወረደበትን መንገድ የታችኛውን ክፍል ሸፍኖታል። እዚያ አሁን የሚነበብ ወራጅ የለም። ላይኛው በረሓ ግን እንደ ጥንቱ ይጮኻል።

በዕረፍት ጊዜ ያንን ልጅና ሦስት ጓደኞቹን ይዤ ጢስ ዓባይ ሄድሁ። ከፏፏቴው በታች፣ ፖርቱጋሎች ሠሩት በሚባለው በ17ኛው መቶ ዓመት ድልድይ ላይ ቆምን፤ ዓባይ እዚያ በቋጥኝ መካከል ተጨንቆ ያልፋል። ምላሱን ፈለግን፤ የተሰወረውን ድንጋይ ፈለግን፤ ግራው ይሻላል፣ ቀኙ ይሻላል እየተባለ ሙግት ሆነ። ልጁን «አንተስ በየት ትወርድ ነበር?» አልሁት። ብዙ ከተመለከተ በኋላ «እኔስ ጀልባዬን ተሸክሜ በእግሬ እዞራለሁ» አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ ግን ያን ታላቅ ፏፏቴ ከላይ የመጡት ቀዛፊዎች በእግር እንደ ዞሩት ነገርኋቸው።

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ሁላችንም ዋና ልንማር ተስማማን። ልጁ ከእኔ ቀድሟል፤ እኔ አሁንም ራሴን ቶሎ አወጣለሁ።