ባኪን ማን አስነሣው?

በአሜሪካ የኮሚክ አንባቢዎች ዘንድ ለ40 ዓመት ያህል የጸና አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፦ ሌላው ሁሉ ሞቶ ቢነሣ ባኪ ባርንስ አይነሣም። በዚያ ዓለም ሞት እምብዛም አይከብድም። ጀግናው ዛሬ ይቀበራል፤ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንዱ ደራሲ ሰበብ ፈልጎ ይመልሰዋል። የካፒቴን አሜሪካ የጦር ሜዳ ጓድ የነበረው ባኪ ግን ከዚህ ልማድ ውጭ ቆየ። የካፒቴኑ ሐዘን ሁሉ በእሱ ሞት ላይ የቆመ ስለነበር፣ የነካው ደራሲ ገጸ ባሕርዩን ያፈርሰዋል ተብሎ ይፈራ ነበር።

2005 ላይ ደራሲው ኤድ ብሩቤከርና ሠዓሊው ስቲቭ ኤፕቲንግ ሕጉን ጣሱት። ባኪን ስሙን የማያውቅ፣ ግራ ክንዱ ብረት የሆነ፣ «ዊንተር ሶልጀር» የሚባል ነፍሰ ገዳይ አድርገው መለሱት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማርቭል ስቱዲዮስ ታሪኩን «ካፒቴን አሜሪካ፦ ዘ ዊንተር ሶልጀር» በሚል ርዕስ ለሲኒማ አበቃው። የ2011ዱ ፊልም ተከታይ የሆነው ይህ ሥራ በዓለም ዙሪያ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያ ወዲህ አንባቢና ተመልካች ሲገናኙ የሚነሣው ክርክር አልበረደም፦ ፊልሙ ለኮሚኩ ምን ያህል ታምኗል? ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ቶሎ የሚያየው ነገር አለ። ፊልሙ የኮሚኩን ሴራ አብዛኛውን ጥሎታል፤ ሕመሙን ግን ሳያጎድል ይዞ ሄዷል። እንዲያውም ከገጹ እጅግ በራቀበት ቦታ ላይ ነው ለሰዎቹ እጅግ የታመነው።

ምንጩ ስንል ግን የትኛውን ማለታችን ነው? ካፒቴን አሜሪካን የፈጠሩት ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ ናቸው። የመጀመሪያው እትም 1940 ሊያልቅ ሲል፣ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲለው ይታያል። ባኪ በዚያው እትም አለ። በጦር ካምፕ ውስጥ የሚኖር ጉብል ነው፤ ካፒቴኑ ልብስ ሲቀይር ድንገት ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ምስጢሩን ይደርስበታል። የኮሚኩ አንባቢዎች ልጆች ስለነበሩ እነሱን የሚመስል ሰው በታሪኩ ውስጥ አስፈልጎ ነበር። 1964 ላይ ስታን ሊና ከርቢ ካፒቴኑን ከበረዶ ውስጥ አውጥተው አቬንጀርስ ከሚባለው የጀግኖች ቡድን ጋር ሲቀላቅሉት፣ ባኪ በጦርነቱ ማብቂያ ፈንጂ በተጠመደበት አውሮፕላን ላይ እንደሞተ ጻፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የካፒቴኑ እውነተኛ ስም የሆነው ስቲቭ ሮጀርስ ማለት ጓዱን ማዳን ያልቻለ ሰው ማለት ሆነ።

ብሩቤከር የባሕር ኃይል ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ የተወሰነውን ዘመን በጓንታናሞ የጦር ሰፈር አሳልፏል። ባኪን ሲያስነሣው የድሮውን ባኪም እንደነበረ አልተወውም። በእሱ ታሪክ ውስጥ ያ ፈገግተኛ ልጅ ለሕዝብ የሚታይ መልክ ብቻ ነበር። በስተጀርባው፣ ባንዲራ የለበሰው ጀግና ሲያደርገው መታየት የሌለበትን ሥራ፣ በሌሊት ዘብ ማረድን ጨምሮ፣ እንዲሠራ የሠለጠነ የ16 ዓመት ወታደር ነበር። ሐሳቡ ያስደነግጣል፤ ግን አንድ ልጅ በዓለም ጦርነት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር ለሚለው የቆየ ጥያቄ የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ይመስለኛል። እንግዲህ ፊልሙ ይታመንለት የምንለው ኮሚክ ራሱ የቀደመውን ኮሚክ ገልብጦ የጻፈ ነው። ሳይመንና ከርቢ አንድ ባኪ ነበራቸው፣ ስታን ሊ ሌላ፣ ብሩቤከር ደግሞ ሌላ።

የብሩቤከር ሴራ ሰፊ ነው። የሶቪየቱ ጄኔራል ካርፖቭ የባኪን ገላ ከባሕር ያገኛል። ሳይንቲስቶቹ አዲስ ክንድ ይገጥሙለታል፤ ትዝታው የጠፋውን ወጣት ገዳይ ያደርጉትና በየተልእኮው መካከል እያቀዘቀዙ ያስቀምጡታል። ካርፖቭ ያሳደገው አሌክሳንደር ሉኪን የሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ነጋዴ ሆኖ ይህን መሣሪያ ይወርሳል። ምኞትን ሁሉ እውን የሚያደርግ «ኮስሚክ ኪውብ» የሚባል ኃይልም በእጁ ይገባል። ባኪ ፊላደልፊያ ውስጥ ፈንጂ ያፈነዳና ብዙ ሰው ያልቃል። ፊልሙ ከዚህ ሁሉ ያስቀረው ጥቂት ነው። ሉኪን የለም፣ ፊላደልፊያ የለችም፣ ኪውቡ የለም። በምትኩ ሺልድ የተባለው የስለላ ተቋም ለአሥርት ዓመታት በውስጡ ሃይድራ የተባለውን የጠላት ድርጅት ሲያሳድግ እንደኖረ ይገለጣል፤ ባኪም የዚያ የሃይድራ መሣሪያ ነው።

ይህ ለውጥ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሺልድ በሃይድራ እጅ ነበር የሚለውን ሐሳብ ጆናታን ሂክማን 2009 ላይ በ«ሲክሬት ዋርየርስ» አንሥቶታል። ካፒቴኑ የገዛ መንግሥቱን መጠርጠሩም የቆየ ነው። በዋተርጌት ዘመን፣ 1974 ላይ፣ ስቲቭ ኤንግልሃርት የጻፈው ካፒቴን አሜሪካ የሴራውን አለቃ ተከትሎ እስከ ዋይት ሐውስ ይደርሳል፤ ባየው ነገር አዝኖም ስሙንና ልብሱን ይተዋል። የፊልሙ ጸሐፊዎች ክሪስቶፈር ማርከስና ስቲቨን ማክፊሊ፣ ዳይሬክተሮቹም ወንድማማቾቹ አንተኒና ጆ ሩሶ፣ ያደረጉት ከብሩቤከር ሰውየውን፣ ከኤንግልሃርት ጥርጣሬውን፣ ከሂክማን ወጥመዱን ወስደው ማዋሃድ ነው። 1975 ላይ በ«ስሪ ዴይስ ኦፍ ዘ ኮንዶር» ከስለላ ድርጅቱ የሚሸሸውን ሰው የተጫወተው ሮበርት ሬድፎርድ እዚህ የድርጅቱ አለቃ ሆኖ መቀመጡም በዚያ ዘመን ፊልሞች መንፈስ መሠራቱን ያሳያል። ቀረጻው ገና ሳያልቅ፣ ሰኔ 2013 እንደ ፈረንጆቹ፣ ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካን የስለላ ምስጢር አወጣ። ሰዎችን ወደፊት ሊያደርጉ ይችላሉ በተባለው እየመዘነ ከሰማይ የሚገድል ማሽን የሚያሳየው ፊልም እንዲህ ባለ ጊዜ ወጣ። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ታሪኩ የሚያውቁት ሰፈር ነው፤ ፊልሙ የሚጀምረው ካፒቴኑ በብሔራዊ ሐውልቶቹ መካከል ሲሮጥ ነው፣ ዋናው ፍልሚያ የሚያልቀውም ፖቶማክ ወንዝ ላይ።

ስለ ታማኝነት የሚከራከር ሰው ግን ከሴራው ወርዶ ሁለት ነገሮችን በቅርብ ቢያይ ይሻላል። አንዱ ፋይሉ ነው። በኮሚኩም በፊልሙም ስቲቭ የዊንተር ሶልጀርን ታሪክ የያዘ የሩሲያ ፋይል ይደርሰዋል። በኮሚኩ ፋይሉን የሚያስልክለት ጠላቱ ሉኪን ነው፤ ስቲቭ እያንዳንዱን ገጽ ሲያነብ እንዲቆስል ታስቦ የተላከ ነው። በፊልሙ ግን ባልደረባው ናታሻ ሮማኖፍ ሁሉም ካለቀ በኋላ ለውለታ ታመጣለታለች፣ ባይከፍተው እንደሚሻልም ትመክረዋለች። ዕቃው አንድ፣ ፎቶው አንድ፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። በመጀመሪያው ፋይሉ ሰይፍ ነው፤ በሁለተኛው ፍለጋ የሚጀመርበት ፍንጭ። እዚህ ላይ ኮሚኩ ይበልጣል ባይ ነኝ። ብሩቤከር ስቲቭን ከውጊያው በፊት እንዲያነብ ስላደረገው፣ ከባኪ ጋር ሲጋጠም የእያንዳንዱን ሟች ስም ያውቃል። የፊልሙ ስቲቭ ግን ባኪ የሠራውን በዝርዝር ሳያውቅ ነው የሚምረው፣ ያ ምሕረት ደግሞ ይቀልላል። የፊላደልፊያ እልቂት መቅረቱም ባኪን ከነበረበት በደል በብዙ አሳርፎታል።

ሁለተኛው መጨረሻው ነው። በ14ኛው እትም ስቲቭ ኪውቡን በእጁ ያስገባና በዚያ ኃይል ባኪ ማንነቱን እንዲያስታውስ ያዛል። ትዝታው በአንድ ቅጽበት ይመለሳል። ኤፕቲንግ የሣለው ፊት ደስታ የለበትም፤ የሠራውን ሁሉ በአንዴ ያወቀ ሰው ፊት ነው። ባኪ ኪውቡን ሰባብሮ ይሰወራል። ስሜቱ ኃይለኛ ነው፣ መንገዱ ግን አስማት ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ የተገነባ እንቆቅልሽ በአንድ ምኞት ተፈታ።

ፊልሙ ይህን አቋራጭ ማግኘት ይችል ነበር። ኪውቡ «ቴሰራክት» በሚል ስም በቀደሙት የማርቭል ፊልሞች ታይቷልና። ግን አልተጠቀመበትም። በሚፈርሰው በራሪ መርከብ ላይ ስቲቭ ተልእኮውን ከጨረሰ በኋላ ጋሻውን ወደ ወንዙ ይጥላል፣ አልዋጋህም ይለዋል፣ በቡጢ እየተመታም ወጣት ሳሉ ባኪ ራሱ የገባለትን ቃል መልሶ ይነግረዋል። የባኪ እጅ አየር ላይ ይቀራል። ትዝታው አልተመለሰም፤ የሆነ ነገር ብቻ ተነቃነቀ። ከዚያ ስቲቭን ከፖቶማክ ጎትቶ ያወጣውና ጥሎት ይሄዳል። ባኪ በኪውቡ ታሪክ ውስጥ ያልነበረው አንድ ነገር እዚህ አለው፦ ምርጫ። ኮሚኩ ሲመኝ የነበረውን ፊልሙ በሰው አቅም አደረገው።

ይህን እንዲችል ግን አስቀድሞ ሌላ ነገር መለወጥ ነበረበት። የፊልሙ ባኪ የካምፑ ልጅ አይደለም፤ የስቲቭ የብሩክሊን አብሮ አደግ፣ ደካማውን ልጅ ከጉልበተኞች ያስጥል የነበረ እኩያው ነው። ይህ ድርሻ በኮሚኩ የሌላ ሰው ነበር። 1982 ላይ ጄ. ኤም. ዲማቴይስና ማይክ ዜክ የፈጠሩት አርኒ ሮት የሚባል የስቲቭ የልጅነት ወዳጅ ነበር፣ በሲኒማው ግን ስሙም አልተነሣም። ባኪ የአርኒን ልጅነት ወርሶ ስለመጣ ነው የመጨረሻው ቃል ኪዳን የሚከብደው። ጥሩ ዝውውር ነው፤ አርኒ ግን ጠፋ፣ ይህንንም ኪሳራ ብዬ መመዝገብ አለብኝ።

ኤፕቲንግ የሣለው መልክ ደግሞ ሴራው በተጣለበት ቦታ እንኳ አልተጣለም። የብረት ክንዱ፣ ጭምብሉ፣ ትከሻው ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ሁሉ አሉ። ፊልሙ የሶቪየትን ድርሻ ወደ ጥግ ገፍቶ ባኪን ለሃይድራ ሲሰጠው ኮከቡ ምክንያቱን ከሞላ ጎደል ያጣ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ሊፍቁት አልደፈሩም። ያለ እሱ ዊንተር ሶልጀር አይሆንማ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከገጽና ከመጋረጃ አልፎ ወደ ሰዎቹ ይመጣል። ብሩቤከር በፊልሙ ውስጥ ይታያል። በአንድ ባንክ ምድር ቤት፣ ባኪ ወንበር ላይ ታስሮ ትዝታው በሚጠፋበት ትዕይንት፣ ከቆሙት ሳይንቲስቶች አንዱ እሱ ነው። 2021 ላይ በይፋ እንደተናገረው፣ በዚያች አጭር ትወና ምክንያት በተዋንያን ማኅበር በኩል የደረሰው ክፍያ ዊንተር ሶልጀርን በመፍጠሩ ካገኘው ይበልጣል። እሱና ኤፕቲንግ ያተረፉት በአብዛኛው አልፎ አልፎ የሚሰጥ ምስጋና እንደሆነም ጽፏል። በዚያው ዓመት ሆሊዉድ ሪፖርተር እንደዘገበው፣ በፊልሙ ምርቃት ምሽት ሁለቱ ወደ ግብዣው ሲሄዱ ስማቸው በእንግዶች ዝርዝር ላይ አልነበረም፤ ያስገባቸው ባኪን የተጫወተው ሰባስቲያን ስታን ነው።

ሕጉ ከማርቭል ጋር ነው። ለማርቭል በትእዛዝ የተጻፈና የተሣለ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማርቭል ንብረት ነው፤ ደራሲው ይህን አውቆ ይፈርማል። ጠቡም አዲስ አይደለም። ጆ ሳይመን የካፒቴን አሜሪካን ባለቤትነት ለማስመለስ ለዓመታት ተከራክሮ 2003 ላይ በስምምነት ጨረሰ። የከርቢ ወራሾች በሌሎች ገጸ ባሕርያት ላይ ያነሡትን ክስ 2011 እና 2013 ላይ ተሸነፉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ይይ አይይ ሊወስን ቀናት ሲቀሩት፣ መስከረም 2014 ላይ፣ ማርቭል ከእነሱ ጋር ታረቀ። ከርቢ ግን በ1994 አርፏል።

ሌላ መንገድ መኖሩን የምናውቀው ከጂም ስታርሊን ነው። ታኖስን፣ ጋሞራንና ድራክስን ለማርቭል የፈጠረው ይህ ሰው 2017 ላይ በይፋ እንደተናገረው፣ «ባትማን ቪ ሱፐርማን» ውስጥ ጥቂት ለሚታየው ኬጂቢስት ለተባለ ገጸ ባሕርይ ከተፎካካሪው አሳታሚ ከዲሲ የተላከለት ቼክ፣ ማርቭል ለሦስቱ አንድ ላይ ከከፈለው ይበልጣል። ዲሲ ፈጣሪው ከፊልም ገቢ ድርሻ የሚያገኝበትን አሠራር በውሎቹ ውስጥ ካኖረ ቆይቷል፤ በዚህም አልከሰረም።

ባኪ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። 2021 ላይ በዲዝኒ ፕላስ ስሙ በርዕሱ ያለበት ተከታታይ ፊልም ወጣለት፤ 2025 ላይ በ«ተንደርቦልትስ» የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመልሷል። ብሩቤከር የጻፈው ጸጸት፣ ኤፕቲንግ የሣለው ክንድ በሁለቱም አለ። ከእያንዳንዱ እንዲህ ካለ ፊልም ለሁለቱ በመቶኛ የተቆረጠ ድርሻ በውል ሊሰጣቸው ይገባል፤ ለቀድሞ ሥራቸውም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊታሰብላቸው ይገባል። ማርቭል ይህን ለማድረግ ዳኛ እስኪያዝዘው መጠበቅ የለበትም።