ቀጭኑ ስልክ ወይስ ባለ ካሜራው?

አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 አዲሶቹን አይፎኖች ሲያስተዋውቅ የዋጋ ዝርዝሩ በጥሞና ላየው ሰው ግር የሚያሰኝ ነገር ነበረው። ከኋላው ሁለት ካሜራ ያለው አይፎን 17 ዋጋው 799 ዶላር ነው። አንድ ካሜራ ብቻ ያለው አይፎን ኤር ደግሞ 999 ዶላር ተተመነለት። ካሜራ የተቀነሰለት፣ ባትሪውም ያነሰው ስልክ በ200 ዶላር ይበልጣል። እርግጥ የኤር ስክሪን በመጠኑ ሰፋ ይላል፣ ፕሮሰሰሩ ፈጠን ያለ ነው፣ ዙሪያውም የተሠራው ከቲታኒየም ነው። ስም ያወጣለት ግን ሌላ ነው፤ ውፍረቱ 5.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ሳምሰንግ ከአራት ወር በፊት ይህንኑ አድርጎ ነበር። በግንቦት ያስተዋወቀው ጋላክሲ ኤስ25 ኤጅ 5.8 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 163 ግራም ክብደት ሲኖረው አሜሪካ ውስጥ 1,099 ዶላር ተቆረጠለት። ከእሱ በ100 ዶላር የሚረክሰው ኤስ25 ፕላስ ኤጅ የሌለውን የርቀት ካሜራ ይዟል። ባትሪውም 4,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ የኤጅ 3,900 ነው። የስክሪናቸው ስፋት ደግሞ እኩል 6.7 ኢንች ነው።

በሁለቱም ኩባንያዎች ዘንድ ቅጥነት ለብቻው ዋጋ ወጥቶለታል ማለት ነው። ስልክ ሊገዛ ያሰበ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመዱ «የትኛውን ልላክልህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ያ ዋጋ ምን እንደሚያስገኝለት፣ ምንስ እንደሚያስቀርበት አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ካሜራ ቦታ ይፈልጋል። ብርሃን በሌንሱ ገብቶ ሴንሰር በሚባለው መቀበያ ላይ እስኪያርፍ ድረስ የተወሰነ ርቀት መጓዝ አለበት። ሴንሰሩ በሰፋ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ አምፖሉ ደብዘዝ ባለበት ሳሎን የሚሯሯጥ ሕፃን ፊቱ ሳይምታታ ፎቶ ላይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሰፊ ሴንሰር ግን ምስሉ ከዳር እስከ ዳር እንዲደርስለት ሌንሱ ከእሱ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ሶፍትዌር ብዙ ነገር ያሻሽላል፤ ይህን ርቀት ግን አያስቀረውም። ስልኮች እየቀጠኑ ሲሄዱ ካሜራቸው ከጀርባቸው ወጣ ብሎ መታየት የጀመረው ለዚህ ነው። በአይፎን ላይ ይህ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ከአይፎን 6 ጋር ነው፤ የስልኩ ውፍረት ወደ 6.9 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ካሜራው ከውስጥ አልበቃ አለ። አይፎን ኤርም 5.6 ሚሊ ሜትር የሚባለው ከላይ ያለው ጉብታ ሳይቆጠር ነው። ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩንም የያዘው ያ ጉብታ ሲለካ ውፍረቱ ከ11 ሚሊ ሜትር ያልፋል።

ወደ ሌላው ጫፍ የሄደም ነበር። ኖኪያ በ2012 ያወጣው 808 ፒውርቪው ባለ 41 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ሲሆን፣ ሴንሰሩ ዛሬ ከሚሸጡ ከብዙዎቹ ስልኮች ይሰፋ ነበር። ካሜራው ያለበት ቦታ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የቻይናው ቪቮ 4.75 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነውን ኤክስ5 ማክስን አወጣ። ኤርና ኤጅ ያን ያህል እንኳ አልደረሱም።

ከሁሉም ይልቅ ቦታ የሚፈጀው የርቀት ካሜራ ነው። ከሩቅ ለማቅረብ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፤ ረጅም ሌንስ ቀጥ ብሎ በስልክ ውፍረት ውስጥ አይቆምም። መሐንዲሶች ያገኙት መላ ሌንሱን ማጋደም ነው። ብርሃኑ በፕሪዝም 90 ዲግሪ ታጥፎ በስልኩ ሆድ ውስጥ በጎን ይጓዛል፤ ፔሪስኮፕ የሚሉት ይህን ነው። ሁዋዌ በ2019 ፒ30 ፕሮ ላይ አምስት እጥፍ የሚያቀርብ እንዲህ ያለ ካሜራ ገጠመ። አፕልም በ2023 ብርሃኑን ደጋግሞ የሚያጥፍ ፕሪዝም በአይፎን 15 ፕሮ ማክስ ይዞ መጣ። መላው ግሩም ነው፤ ሆኖም ከካሜራው ሌላ ባትሪውንም ማስቀመጥ ስላለ ኤጅም ኤርም የርቀት ካሜራውን ጨርሰው ትተውታል።

ይህ ጉድለት የሚሰማው ማን ነው? ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የተገኘ ሰው ይሰማዋል። ታቦታቱ በካህናቱ ራስ ላይ ሆነው በሕዝቡ መካከል ሲያልፉ እንደልብ ተጠግቶ ማንሳት አይቻልም። ልጁ በትልቅ አዳራሽ ተመርቆ መድረክ ላይ ሲወጣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አባትም እንዲሁ። የርቀት ካሜራ የሌለው ስልክ ዙም ሲደረግ የሚሠራው ምስሉን መሀል ለመሀል ቆርጦ መለጠጥ ነው። እስከ ሁለት እጥፍ ድረስ ጥሩ ይወጣል፤ ባለ 48ም ሆነ ባለ 200 ሜጋ ፒክስል ሴንሰር ተቆርጦም የሚተርፍ ዝርዝር አለው። ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ግን የካባው ጥልፍ ቀለሙ ብቻ ይቀራል፤ የተመራቂውም ፊት በሶፍትዌር የተለሰነ ይመስላል። ኤስ25 አልትራ ሦስትና አምስት እጥፍ የሚያቀርቡ ሁለት የርቀት ካሜራዎች አሉት፤ አይፎን 17 ፕሮ ደግሞ አራት እጥፍ የሚያቀርብ አንድ ይዟል። ልዩነቱ በእንዲህ ያለው ቀን ጎልቶ ይታያል።

ቅርቡም የራሱ ጣጣ አለው። በቴሌግራም የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ነጋዴን ደንበኞቿ የሚጠይቋት የጥበቡን ክር አቅርባ እንድታሳያቸው ነው። ሰፊ ሴንሰር ያለው ዋና ካሜራ በጣም ሲጠጉት ፎከስ አያደርግም። ውድ ስልኮች ይህን የሚወጡት ሰፋ አድርጎ በሚያነሳው ሁለተኛ ካሜራቸው ነው፤ አይፎን ኤር ያ ካሜራ ስለሌለው ማክሮ የሚባለውን የቅርብ ፎቶ አያነሳም። በጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎም ቤተሰቡን በሙሉ ፎቶው ውስጥ ማስገባት ያቃተው ሰው የሚያጣው ይህንኑ ካሜራ ነው። ኤጅ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሰፋ አድርጎ የሚያነሳ ሁለተኛ ካሜራ አለው። ለነጋዴዋ አንድ ነገር መጨመር ይገባል፦ ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከለትን ፎቶ ያሳንሰዋል። ዝርዝሩ ሳይጠፋ እንዲደርስ ፎቶውን በፋይል መልክ መላክ ያስፈልጋል።

ለቀጭኖቹ ስልኮች የሚነገር ሐቅም አለ። ዋናው ካሜራቸው ደካማ አይደለም። ኤጅም ሆነ በጣም ውዱ አልትራ ባለ 200 ሜጋ ፒክስል ዋና ካሜራ አላቸው፤ ሁለቱም በተለመደው አሠራር 16 ነጥቦችን እንደ አንድ እየደመሩ 12 ሜጋ ፒክስል ፎቶ ያወጣሉ። በቀን ብርሃን የሰው ፊት፣ የቀረበ ምግብ ወይም ደብዳቤ የሚያነሳ ሰው የሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ቢያደርግ ልዩነት ማግኘት ይቸግረዋል። ትልቁን ቁጥር አይቶ «ይሄኛው ይበልጣል» ማለትም የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

የቆዳ ቀለም ጉዳይም ከውፍረት ጋር አይገናኝም፤ ለእኛ አገር ገዢ ግን ከብዙ ቁጥሮች ይልቅ ይመለከተዋል። ካሜራዎች ለረጅም ዘመን የጥቁር ሰውን ፊት ወይ አመድ አስመስለው ወይ ከልክ በላይ አንጥተው ሲያወጡ ኖረዋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 ከፒክስል 6 ጋር ሪል ቶን የተባለውን ሥራ ያቀረበው ይህን ለማረም ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ የሚገጣጥመው የቴክኖ ባለቤት ትራንሲዮንም አፍሪካዊ ገዢን አስቦ የካሜራውን ሶፍትዌር ለጠቆረ ቆዳ አስተካክሏል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ካሜራ መሞከር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የራሱን ፊት፣ ከተቻለም ጥላ ቦታ ቆሞ ቢያነሳ ብዙ ይማራል።

ከካሜራው ቀጥሎ የሚጎዳው ባትሪው ነው፤ ጉዳቱ በየቀኑ ስለሚታይ አንዳንዱ ገዢ ይህኛውን ያስቀድማል። የአይፎን ኤር ባትሪ 3,149 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሲሆን የርካሹ አይፎን 17 ባትሪ 3,692 ነው። አፕል ራሱ ለኤር ጀርባ የሚለጠፍ ተጨማሪ ባትሪ በ99 ዶላር ይሸጣል። ተጨማሪው ሲለጠፍ ግን ለቅጥነቱ የተከፈለው ገንዘብ ትርጉም ያጣል። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር፣ ታክሲ ውስጥ በቴሌብር ሊከፍል ሲል ስልኩ ሊዘጋበት ለሚችል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዕድሜም አለበት። የባትሪ ዕድሜ የሚለካው ስንት ዙር ተሞልቶ እንዳለቀ በመቁጠር ነው። አፕል ከአይፎን 15 ወዲህ ያሉት ስልኮቹ 1,000 ዙር ከሞሉ በኋላም የመጀመሪያ አቅማቸውን 80 በመቶ እንዲይዙ ተደርገው መሠራታቸውን ይገልጻል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው ላይ አዲስ የሚቀርቡ ስልኮች ባትሪ ቢያንስ 800 ዙር ችሎ 80 በመቶ እንዲይዝ ደንግጓል። በቀን አንድ ዙር የሚጨርስ ስልክ ሺው ዙር ሦስት ዓመት አይሞላለትም። አነስተኛ ባትሪ ቶሎ ቶሎ ቻርጅ ስለሚደረግ ወደዚያ ቁጥር የሚደርሰው ቀድሞ ነው።

ታዲያ ቀጭን ስልክ የሚገዛው ሰው ተሞኝቷል? አልተሞኘም። ጥቅሙ ከውፍረቱ ይልቅ ክብደቱ ላይ ነው። ኤጅ ከአልትራ በ55 ግራም ይቀላል፤ ኤር ከአይፎን 17 ፕሮ ማክስ በ68 ግራም ገደማ ያንሳል። ቀኑን ሙሉ በአንድ እጁ ይዞ ለሚያነብ፣ ጋደም ብሎ ፊልም ለሚያይ፣ የእጅ መገጣጠሚያው ለሚያመው አዛውንት ይህ የሚሰማ ልዩነት ነው። ቀጭን ነው ተብሎም በቀላሉ አይታጠፍም። በ2014 ኪስ ውስጥ የተጣመመው አይፎን 6 ፕላስ ዙሪያው አሉሚኒየም ነበር፤ የአሁኖቹ ቲታኒየም ናቸው። ዩቲዩብ ላይ ስልኮችን እየጫነና እየቧጠጠ በመፈተን የሚታወቀው ዛክ ኔልሰን ኤርን በእጁ ሊያጥፈው ሞክሮ አልሆነለትም። መስታወቱ ግን እንደማንኛውም መስታወት ይሰበራል። ስለሆነም አብዛኛው ሰው ከቨር ያለብሰዋል፤ ከቨር የለበሰ ቀጭን ስልክ ደግሞ በውፍረቱ ከተራው ስልክ ጋር ይቀራረባል።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የእሱንና የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም ካርድ አንድ ስልክ ላይ የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። አይፎን ኤር የትም አገር ቢገዛ የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም (ካርድ በማያስፈልገው ሲም) ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አይፎኖችም ከአይፎን 14 ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ኤጅ ግን እንደወትሮው ሲም ካርድ ይቀበላል።

ገበያው በበኩሉ ለቅጥነት ብዙም አልጓጓም። የጃፓኑ ኒኬይ ኤዥያ በጥቅምት 2025 አፕል የኤርን ምርት በብዛት መቀነሱን ዘግቧል። ጉዳዩ ግን በዚህ የሚዘጋ አይመስልም። ቴክኖ በዚያው ዓመት ያወጣው ፖቫ ስሊም 5.95 ሚሊ ሜትር ውፍረት ውስጥ 5,160 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ አስገብቷል፤ ዋጋውም ከአፕልና ከሳምሰንግ ቀጫጭኖች እጅግ ያነሰ ነው። የቻይና ኩባንያዎች ከ2023 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ሲሊከን የተቀላቀለበት የባትሪ ሥራ በዚያው ቦታ ላይ ብዙ ኃይል ያስይዛል። የባትሪው ችግር እንዲህ እየቀለለ ይሄዳል፤ የካሜራው ግን የብርሃን ጉዳይ ስለሆነ ቀላል መፍትሔ የለውም።

ስለዚህ ቤተሰቡ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳው ስልክ አንድ ከሆነና ሦስት አራት ዓመት እንዲያገለግል ከታሰበ፣ ለቅጥነት የሚጨመረው ገንዘብ አያዋጣም። በጣም ውዱንና ከባዱን መግዛትም ግዴታ አይደለም፤ እንደ አይፎን 17 ወይም ኤስ25 ፕላስ ያሉት መካከለኞቹ ከቀጫጭኖቹ ረክሰው ይበልጥ ይሰጣሉ። ቀጭኑ የሚገባው እጁን ክብደት ለሚያስቸግረው፣ ፎቶውም የሰው ፊትና የዕለት ኑሮ ለሆነ ሰው ነው። የትኛው እንደሆኑ ለመለየት አሁን በያዙት ስልክ ጋለሪ ውስጥ ያለፈውን ዓመት ፎቶዎች ይመልከቱ፤ ዙም ተደርገው የደበዘዙት ብዙ ከሆኑ የርቀት ካሜራ ያስፈልግዎታል። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክልዎ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ለአንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ የተቆለፈ እንዳልሆነና እዚህ የሚጠቀሙበት ድርጅት ኢሲም እንደሚሰጥዎ ከመገዛቱ በፊት ያረጋግጡ።