ከተልባ ፍሬ እስከ ሕዋስ ሽፋን፦ ቫይታሚኖች ቅባትን ከኦክሲዴሽን የሚጠብቁበት መንገድ

ከሊማሊሞ ግርጌ ካለው ድብ ባሕር በላይ፣ በደባርቅና በዳባት ደጋ የሚመረተው ተልባ በፍሬው ሳለ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ተቆልቶ ከተወቀጠ በኋላ ግን ዱቄቱ ሲሰነብት ሽታው ይለወጣል፤ ጣዕሙም ይመራል። ይህ የጓዳ ብልሽት በሰው የሕዋስ ሽፋን ላይ ከሚደርስ ጉዳት ጋር የኬሚስትሪ መሠረቱ አንድ ነው።

ከተልባ ዘይት የቅባት አሲዶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ሦስት ድርብ ትስስሮች አሉት። በእነዚህ ትስስሮች መካከል ያለው ሃይድሮጅን በቀላሉ ይነጠቃል። ነፃ ራዲካል ሲነጥቀው ቅባቱ ራሱ ራዲካል ይሆናል፤ ኦክስጅን ሲታከልበትም ፔሮክሲል ራዲካል ሆኖ አጠገቡ ያለውን ቅባት ያጠቃል። ፍሬውን ልባሱ ከአየር ይከልለዋል፤ ሲወቀጥ ግን ይህ ከለላ ይቀራል። የሕዋስ ሽፋንም ያልተሟሉ የቅባት አሲዶችን ስለያዘ፣ ሰንሰለቱ ካልተቋረጠ መሳሳቡን ያጣል፤ ማገድ የሚገባውንም ያሳልፋል።

ሰንሰለቱን የሚቆርጠው በሽፋኑ ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ኢ ነው። ኸርበርት ኢቫንስና ካትሪን ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1922 ያስታወቁት ይህ ቫይታሚን የራሱን ሃይድሮጅን ለፔሮክሲል ራዲካሉ ይሰጣል። ከቅባቱ 1000 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚቀድም፣ በጥቂት መጠን ብዙ ቅባት ይጠብቃል። እርሱም ራዲካል ይሆናል፤ ነገር ግን የተረጋጋ በመሆኑ ሰንሰለቱን አያስቀጥልም። በውሃማው ክፍል ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ በሽፋኑ ጠርዝ ላይ መልሶ ያድሰዋል። ይህ የሁለቱ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1979 በቤተ ሙከራ በቀጥታ ታይቷል።

በተልባ ውስጥ የሚበዛው የቫይታሚን ኢ ዓይነት ጋማ ቶኮፌሮል ሲሆን፣ የሰው ጉበት አብልጦ ለሰውነት የሚያቆየው ግን አልፋ ቶኮፌሮልን ነው። ስለዚህ የፍሬውን ዘይት የሚጠብቀው ቫይታሚን ለተመጋቢው ሕዋስ የዚያኑ ያህል ዋስትና አይሆንም። እንደ ጎመን ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች አልፋ ቶኮፌሮልንም ቫይታሚን ሲንም ስለያዙ ጉድለቱን ያግዛሉ፤ ይሁንና ረዥም ቅቅል ቫይታሚን ሲን ይቀንሳል።

ተልባ የጾም ወራት ዋነኛ የቅባት ምንጭ ለሆነለት ቤተሰብ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ለጥቂት ቀናት የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ፣ ዱቄቱን በተከደነ ዕቃ ከብርሃንና ከሙቀት አርቆ ማኖር፣ ጎመኑንም ሳያበዙ ማብሰል።