ያነከሰች ዶሮ፦ መንስኤውን ለይቶ ስለ ማከም

በሀገራችን አብዛኞቹ ዶሮዎች በየቤቱ ጓሮ እየጫሩ የሚመገቡ ናቸው። እግራቸው መሄጃ ብቻ ሳይሆን ምግብ መፈለጊያም ስለሆነ፣ እግሯ የታመመ ዶሮ ትከሳለች፤ እንቁላሏም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ለአንዱ የእግር ሕመም የሚበጀው ለሌላው አይፈይድም። ስለዚህ ከማከማችን በፊት መለየት ይገባናል።

በቅድሚያ የእግር እከክን እንመልከት። መንስኤው ክኔሚዶኮፕተስ ሙታንስ የተባለ፣ የመዥገር ዘመድ የሆነ እጅግ ጥቃቅን ተባይ ነው። ተባዩ በእግር ቅርፊቶች ሥር እየሰረሰረ ስለሚራባ ቅርፊቶቹ ይነሣሉ፤ ይወፍራሉ፤ አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ ከዶሮ ወደ ዶሮም ይተላለፋል። እግሩን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አርሰን፣ የላላውን ቅርፊት ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ካነሣን በኋላ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት እንቀባለን። ቅባቱ ተባዩን አየር ያሳጣዋል። ሆኖም በጥልቀት የገቡት በአንድ ጊዜ ስለማይጠፉ፣ ሕክምናውን በየጥቂት ቀናቱ ለበርካታ ሳምንታት መደጋገም፣ ሌሎቹን ዶሮዎች መመርመርና ቆጡን ማጽዳት ያስፈልጋል። ነጭ ጋዝ መቀባት ግን ቆዳውን ስለሚያቃጥል አይመከርም።

ሁለተኛው የውስጥ እግር እብጠት ነው። እሾህ፣ ሻካራ ቆጥ ወይም ከከፍታ መዝለል ባቆሰለው ቆዳ በኩል ባክቴሪያ፣ በተለይም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ይገባል። ውስጥ እግሩ ያብጣል፤ መሐሉ ላይም ጥቁር የቁስል ቅርፊት ይታያል። እዚህ ላይ ብዙዎች እንደ ሰው እባጭ አፍርጠው መግሉን ለማውጣት ይሞክራሉ። ነገር ግን የዶሮ ነጭ የደም ሴሎች መግልን የሚያቀልጡ አንዳንድ ኢንዛይሞች ስለሚጎድሏቸው መግሉ እንደ ደረቀ አይብ ይጠጥራል፤ ሲጨመቅ አይወጣም፤ መድኃኒትም በቀላሉ አይዘልቀውም። ስለሆነም ገና ሲጀምር ጓንት አድርገን በጨው ውሃ መዘፍዘፍ፣ አዮዲን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ዶሮዋን በደረቅ ጭድ ላይ ማቆየት እንችላለን። እብጠቱ ከጠጠረ ግን የእንስሳት ሐኪም ቀዶ ሊያወጣው ይገባል። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘም እንቁላሉ የማይበላባቸውን ቀናት መጠየቅ አንርሳ።

እግሩ ምንም ቁስል ሳይኖረው ዶሮዋ አንዱን እግር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ከወደቀች፣ ነርቭን የሚያጠቃው በቫይረስ የሚመጣ የማሬክ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ጫጩቶችን በተፈለፈሉበት ዕለት ማስከተብ ነው።

እንግዲህ ዶሮዎቻችን ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እግራቸውን ገልብጠን እንይ። በጊዜ የታየ ቁስል በጨው ውሃ ይድናል፤ የቆየው ግን ቢላዋ ይጠይቃል።