የዘመነ ጸደይ የአየር ጠባይና ወደ እንጦጦ የሚወጡ ምእመናን

ውቤ በረሃ በስሙ በረሃ ይባል እንጂ የደጋ ሠፈር ነው። አራዳና ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከዚህ ተነሥቶ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ምእመን በጥቂት ሰዓታት የእግር ጉዞ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። መንገዱ ቅርብና የታወቀ በመሆኑ ብዙዎች እንደ ተራራ ጉዞ አይቆጥሩትም። ይሁን እንጂ የእንጦጦ አየር የተራራ አየር ነው። በተለይ በዘመነ ጸደይ ጠዋት የታየው ጥርት ያለ ሰማይ ከቀትር በኋላ ለሚሆነው ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ጉዞ የሚያዘጋጁ የሰበካ ጉባኤያት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጽዋ ማኅበራት ከሁሉ አስቀድመው ሊወስኑት የሚገባው የመውጫና የመውረጃ ሰዓትን ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመናት አከፋፈል ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። በተለምዶ ጸደይ እየተባለ የሚጠራው ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ያለው የአበባ ወቅት ግን ዘመነ መጸው ነው። በዓለ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ ስለማይውል ምንጊዜም በዘመነ ጸደይ ይከበራል። በዓለ ሃምሳ፣ የግንቦት ልደታና እንደየዓመቱ የዐቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንታትም በዚሁ ወቅት ይውላሉ። ምእመናን ለስእለት፣ ለጠበልና ለንግሥ ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ወደ ቅዱስ ራጉኤልና ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚጓዙበት ጊዜና የተራራው አየር የሚለዋወጥበት ጊዜ እንግዲህ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ገበሬው በልግ የሚለው ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የሚጥል ነው። እርጥበቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር በኩል የሚነፍስ ነፋስ ነው። እነዚህ ወራት በአዲስ አበባ ከዓመቱ ሁሉ ሞቃት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ፀሐይ ጠዋት የተራራውን ገጽ ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ በዳገቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ሲልም ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ረፋድ ላይ እንደ ጥጥ ክምር የታየው ነጭ ደመና በቀትር ቁመቱ ጨምሮ ታችኛው ክፍሉ ሲጠቁር ነጎድጓድ፣ መብረቅና በረዶ መቅረቡን ያመለክታል። ክረምት ሲሆን ሰማዩ ቀድሞ ስለሚከብድ መንገደኛው ተዘጋጅቶ ይወጣል። የበልግ ዝናብ ግን ለብዙ ቀናት ጠፍቶ ድንገት ስለሚመጣ ያልተዘጋጀውን ያገኛል።

አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ ስሌት እንጦጦ ከፒያሳ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ይህ ልዩነት በደረቅ ቀን ቀላል ነው። ዝናብና ነፋስ ሲጨመሩበት ግን ሰውነት ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል። ነጠላም ሆነ ጋቢ ከጥጥ የተሠራ ስለሆነ ከራሰ በኋላ ሙቀት አይይዝም፤ እንዲያውም የሰውነትን ሙቀት ይስባል። በጾም ላይ ያለ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ሕፃን፣ እንዲሁም ጠበል ተጠምቆ ገና ያልደረቀ ሕመምተኛ ከሌላው ቀድሞ ይጎዳል። ሰውየው ብርቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈና እርምጃው ከተወላገደ ብርዱ ወደ ውስጥ መግባቱን ያሳያል። ወዲያውኑ ከነፋስ ማስጠለል፣ እርጥቡን ልብስ አውልቆ በደረቅ መጠቅለልና መዋጥ የሚችል ከሆነ ትኩስ ነገር ማቅመስ ያስፈልጋል።

የእንጦጦ ብርድ በታሪክም የታወቀ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነበር። ሆኖም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በፍል ውኃው ዙሪያ ተቆርቁራ ነበር። የተራራው ብርድና ነፋስ፣ የማገዶውም እጥረት፣ መናገሻው ወደ ታች እንዲወርድ ካደረጉት ምክንያቶች መካከል ይቆጠራሉ።

ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራው መብረቅ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለውን ጊዜ በሰከንድ መቁጠር ርቀቱን ያሳውቃል፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቆጠራው ከ30 በታች ከሆነ መጠለል ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ጉዞ መቀጠል አይገባም። በባሕር ዛፍ ሥር መጠለል፣ በገላጣ ኮረብታ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ መቆም፣ በድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ መሰብሰብ አደገኛ ነው። ትልቅ ሕንፃና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ይሻላሉ። በመብረቅ የተመታ ሰው በሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ስለዚህ ሳይፈሩ ቀርቦ መርዳት፣ ትንፋሹ ከቆመም ሥልጠናው ያለው ሰው ደረቱን በመጫን እንዲረዳው ማድረግ፣ ወዲያውም አምቡላንስ መጥራት ይገባል።

በእንጦጦ የዘነበው ዝናብ ጉዳቱ በተራራው ላይ ብቻ አይቀርም። እንደ ቀበናና ግንፍሌ ያሉት ወንዞች ከዚያ ይወርዳሉ። ፒያሳ ላይ ፀሐይ እያለ በላይ የጣለው ዶፍ ወንዙን በጥቂት ጊዜ ሊሞላው ይችላል። ተመላሾች በአቋራጭ ወንዝ ከመሻገር ይልቅ ዞረው በድልድይ ማለፍ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የሚከተሉትን ቢፈጽም ጉዞው የበረከት እንጂ የኀዘን አይሆንም። አንደኛ፣ በጉዞው ዋዜማና በዕለቱ ጠዋት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ይከታተል። ሁለተኛ፣ ተጓዦች ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ቁልቁለቱን እንዲጀምሩ መርሐ ግብሩን ያሳጥር፤ ማስታወቂያውና የገንዘብ ማሰባሰቡ ወደ አጥቢያው ተመልሶ ሊደረግ ይችላል። ሦስተኛ፣ በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ለሚያስቀድሱት ተጓዦች መመለሻ መኪና አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ካልተቻለ ጉዞውን ቅዳሴ በጠዋት ወደሚፈጸምበት ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዛውር። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ተጓዥ የዝናብ ልብስና በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ልብስ እንዲይዝ ያሳስብ። አምስተኛ፣ ተጓዦችን ሲነሡና ሲመለሱ የሚቆጥር፣ አየሩ ሲከፋም ጉዞውን ለማቆም ሥልጣን የተሰጠው አንድ ኃላፊ ይሰይም። በከፍታ ላይ ያሉ አድባራትም ባለሙያ አማክረው በሕንፃዎቻቸው ላይ የመብረቅ መከላከያ ቢያስተክሉ ለሚጠለለው ሁሉ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

ጉዞው በመንገድ መካከል ቢቋረጥ ስእለቱ አይቀርም፤ በሌላ ቀን ይፈጸማል። ካህኑ ይህን አስቀድሞ በዐውደ ምሕረት ቢያስተምር ደመናው በጠቆረ ጊዜ ምእመኑ ያለ ኅሊና ወቀሳ ይመለሳል። ኃላፊውም ጉዞውን ለማቆም አያመነታም።